ጸሐፊውን አትከልክሉት፣ አስፈርሙት

«ጠበቃ ያልሆነ ሰው የባለዕዳ ወረቀት አይጻፍ።» ይህን አባባል ከሕግ ባለሙያ ወዳጆቼ ስሰማ ዓመታት ሆነኝ። በስብሰባ ይነሳል፣ በሬዲዮ ይነሳል፣ ቡና ላይ ይነሳል፤ የሚቃወመው ሰው ግን ብዙም አይታይም። የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ በራፖር ጸሐፊ እጅ የተበላሸ መዝገብ አይተው፣ የባለጉዳዩ ነገር አንጀታቸውን በልቶት ነው እንዲህ የሚሉት። እኔ ግን ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ስህተታቸውም ቀላል አይደለም፤ እንጠብቀው የሚሉትን ያንኑ ሰው ያለ ጠባቂ የሚያስቀር ስህተት ነው።

ክርክራቸውን ሳላሳንስ ላቅርበው። ራፖር ጸሐፊው ሕግ አልተማረም። ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ላፕቶፑን ከፍቶ የዛሬ ሦስት ዓመት ለሌላ ሰው የጻፈውን መልስ ያወጣል፤ ስም ይለውጣል፣ የገንዘቡን ልክ ይለውጣል፣ ያትማል። የፍርድ ቤት ወረቀት ግን ዛሬ ቢበላሽ ነገ እንደልብ የሚታረም አይደለም። ዕዳው በይርጋ የታገደ ቢሆን እንኳ ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳለትም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1856 ይህንኑ ይላል። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያም በጊዜው ካልቀረበ እንደተተወ ይቆጠራል። አንዴ የተፈረደበት ነገር ደግሞ ተመልሶ አዲስ ክስ አይሆንም። እንግዲህ ሳይጻፍ በቀረ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰው ቤቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ይቀጥላሉ። ጠበቃ ቢያጠፋ በዲሲፕሊን ይከሰሳል፣ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ራፖር ጸሐፊው ቢያጠፋ ግን ጠረጴዛውን አንስቶ ሌላ ደጃፍ ይዘረጋል። አንዳንዱማ ጽሕፈቱን የድለላ መግቢያ ያደርገዋል፤ «እዚያ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ» እያለ የተጨነቀን ሰው ኪስ ያራቁታል። ሕጉም ከእነሱ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 199/1992 ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰነድ ማዘጋጀትን ከጥብቅና አገልግሎት ቆጥሮት ነበር፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ የፌዴራል ጠበቆችን ማኅበር አቋቁሞ ሙያውን ይበልጥ በሥርዓት አስሮታል። ስለዚህ መጻፍ የሚችለው ባለፈቃድ ጠበቃ ብቻ ነው፤ ሌላው ይነሳ፣ ካልተነሳም ይቀጣ ይላሉ።

ከዚህ ውስጥ አንዱንም አልክድም። እንዲያውም ከእነሱ የበለጠ ምስክርነት አለኝ።

የእናቴ ወንድም አቃቂ ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ከአንድ ግለሰብ ገንዘብ ተበድሮ፣ ከፊሉን ከፍሎ፣ ቀሪው ሲያቅተው ተከሰሰ። መጥሪያው ሲደርሰው በእጁ የነበረው ማስረጃ የሚናቅ አልነበረም። የከፈለበት ቀንና መጠን የሰፈረበት፣ አበዳሪው በየመስመሩ የፈረመበት ደብተር ነበረው። ክሱ ግን የቀረበው በአጭር ሥነ ሥርዓት ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 284 ጀምሮ በተቀመጠው በዚህ አካሄድ ተከሳሽ ዝም ብሎ መልስ አያስገባም፤ አስቀድሞ በቃለ መሐላ አስደግፎ ለመከላከል እንዲፈቀድለት ማመልከት አለበት። ካላመለከተ ለከሳሹ ይፈረድለታል። አጎቴ የሄደበት ራፖር ጸሐፊ ይህን ወይ አላወቀም ወይ ልብ አላለም። ሁለት ገጽ ያማረ መልስ ጻፈለት። ቃለ መሐላ የለበትም፤ ፈቃድ የሚል ቃልም የለበትም። የተፈረደው በሙሉው ገንዘብ ነው። ያንን ደብተር ገልጦ ያየ ዳኛ አልነበረም።

ከፍርድ በኋላ አፈጻጸም መጣ። ብየዳ ማሽኑና ግራይንደሩ ተመዘገቡ። የአጎቴ ሚስት በዚያ ሰሞን ከአንድ ሌላ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደች፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሥራ የጨረሱ አዛውንት ናቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንብበው «ይሄ የእንጀራው መሣሪያ ነው፤ አይነካም» አሏት። የጻፉላት አንድ ገጽ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 404 ባለዕዳ ሙያውን የሚሠራበት መሣሪያ፣ የሚተኛበት አልጋና የሚያበስልበት ዕቃ እንዳይያዝ ይከለክላል፤ ይህንኑ ጠቅሰው አመለከቱ። ማሽኑ ተለቀቀ። አጎቴ ዕዳውን የጨረሰው በዚያው ማሽን እየሠራ ነው።

ሁለቱም ወረቀቶች ዛሬ እኔ ዘንድ አሉ። አንዱ ሰውየውን ጣለው፣ ሌላው አነሳው። በሁለቱም ግርጌ ያለው ግን አንድ ስም ነው፤ የአጎቴ። ያጠፋውን ፈልገን ልንጠይቀው ብንነሳ የምንይዘው ነገር የለም። ያዳኑትንም «እኚህ ሰው ያውቃሉ፤ ወደ እሳቸው ሂዱ» ብለን ለሌላ የምንጠቁምበት ምልክት የለም። የክልከላው ሕግ ለሁለቱ ያለው መጠሪያ አንድ ነው፤ ሕገ ወጥ። ያወቀውንና ያላወቀውን፣ የተጠነቀቀውንና የዘረፈውን በአንድ ከረጢት ጨምሮ ያስራል። ይህ ነው ጥበቃ የሚባለው?

የክልከላ ወገኖች ሁልጊዜ የሚያወዳድሩት ጠበቃን ከራፖር ጸሐፊ ጋር ነው። ጠበቃው ይበልጣል፤ በዚህ ማን ተከራከራቸው? ነገር ግን አጎቴ ፊት የቀረበው ምርጫ ያ አልነበረም። ዕዳ ያለበት ሰው ማለት እኮ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ማለት ነው። ጠበቃ የሚያቆመው አበዳሪው ነው፤ ባለዕዳው የሚያቆመው ራሱን ነው። ለጠበቃ ቅድሚያ የሚከፍለው ገንዘብ ቢኖረውማ ለዕዳው ይከፍለው ነበር። ጠበቃውም ቢሆን ቢሮ ኪራይ አለበት፣ ልጆች አሉት፤ ለ40 ሺህ ብር ክርክር ወራት ሙሉ ተመላለስ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ውድድሩ በጠበቃና በራፖር ጸሐፊ መካከል ሳይሆን በራፖር ጸሐፊና በባዶ እጅ መካከል ነው። ጸሐፊውን ከደጃፉ ስታነሱት ባለዕዳው ወደ ጠበቃ ቢሮ አይገባም። ወይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ይጽፍለታል፣ ወይ ምንም ሳያቀርብ ቀጠሮው ያልፍበታል።

እዚህ አቃቂ ቃሊቲን የማያውቅ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ከቃሊቲ ጉምሩክ አጥር ሥር እስከ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ድረስ ያለው ሕዝብ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፣ የጋራዥና የብየዳ ቤት ባለሙያ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳት ነው፣ ጉሊት ቸርቻሪ ነው። ዕዳውም እንደ ኑሮው የተሰባጠረ ነው። ዕቁብ ቀድሞ የበላ አለ፤ ዋስ ሆኖ ሰው የጠፋበት አለ፤ ለሸቀጥ ቼክ ሰጥቶ ቀኑ የደረሰበት አለ፤ አራጣ የወሰደና ወረቀቱ ላይ ከተቀበለው በላይ የፈረመ አለ። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ነው፤ ተበዳሪው ግን ያንን ለዳኛ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው የፈረመው ቁጥር ይፈረድበታል። ይህ ሕዝብ ሕግ አይወድም የሚለኝ ካለ ፍርድ ቤት ባለበት አካባቢ ጠዋት ጠዋት ይምጣና መጥሪያ በፌስታል ጠቅልሎ የሚጠብቀውን ሰው ይቁጠር።

«ቢከስርስ የኪሳራ ሕግ አለለት» የሚሉም ገጥመውኛል። ለማን? የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአምስተኛው መጽሐፉ ያስቀመጠው የኪሳራ ሥርዓት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር የተሠራ ነበር፤ የእጅ ባለሙያውን ከነጋዴ ተርታ አያስገባም ነበር። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ድርጅትን ከመክሰሩ በፊት የሚያድን አካሄድ ጨምሮ ሥርዓቱን አሻሽሎታል፤ መልካም ነው። በሩ ግን አሁንም የነጋዴ በር ነው። የመኪና ገጣጣሚውን የሆላንድ ካርን መክሰር በጋዜጣ አንብበናል፤ ኩባንያ ሲከስር አካውንታንት አለ፣ ጠበቃ አለ፣ የሒሳብ መዝገብ አለ። ደመወዝተኛው ሲከስር፣ በያጁ ሲከስር፣ እንጀራ ሻጯ ስትከስር የሚታወጅላቸው ኪሳራ የለም። ዕዳቸው በአንድ መዝገብ አይጠቃለልም፤ በየአበዳሪው ተበትኖ ነው የሚመጣው። ዛሬ ለመከላከል የሚፈቀድበት ማመልከቻ፣ የዛሬ ወር የችሮታ ጊዜ መጠየቂያ፣ ከዚያ የመያዝ ትእዛዝ መቃወሚያ፣ ከዚያ የሐራጅ ማገጃ። እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። እያንዳንዱም ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ አለፈ።

ቤቱን ለባንክ ያስያዘውማ ከዚህም ይጠብበታል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የመያዣውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ደብዳቤውን የሚያነብለት፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው፣ ለባንኩ የሚጻፈውን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ከጠበቃ ውጭ ማንም አይንካልህ» ማለት «ማንም አይንካልህ» ማለት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ነው። አለ፤ አከብረዋለሁም። በደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለስንቷ ሴት እንደቆመ የሚያውቅ ያውቃል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ማዕከል አላቸው። ግን 50 ሰዓት በዓመት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም። ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ በዋናነት የቆመው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው። በደሃ ደንብ መክሰስ የሚፈቅደው የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ክፍል የዳኝነት ክፍያን ያነሳል እንጂ ወረቀቱን አይጽፍም። እንዲያውም በደሃ ደንብ ለመክሰስ ራሱ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ያንን ማን ይጻፈው? ነፃ ድጋፉ ይስፋ፣ በጀት ይመደብለት፣ በየክፍለ ከተማው ይከፈት። እስኪስፋ ድረስ ግን መጥሪያው ላይ ያለው ቀን አይጠብቅም።

የሚገርመኝ ሕጉ ራሱ በዚህ ነገር ከእነሱ ይልቅ ለተራው ሰው ቅርብ መሆኑ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ የአቤቱታ ቅጾችን አያይዞ ነው የወጣው። ቅጽ የሚያያዘው ሰው እያየ እንዲሞላው ነው። ቁጥር 58 ደግሞ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለአባቱ፣ ወንድም ለወንድሙ ውክልና ይዞ ችሎት እንዲቆም ይፈቅዳል። ያ ልጅ የሕግ ደጃፍ ያልረገጠ ሊሆን ይችላል። ዳኛ ፊት ቆሞ ይከራከር ዘንድ ሕጉ ያመነው ሰው ካለ፣ ሃያ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ውጭ ተቀምጦ አንድ ገጽ ቢጽፍ የሚደረመሰው ሥርዓት የቱ ነው? «ልጅ ለአባቱ ገንዘብ አያስከፍልም» ይሉኝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ነው። እንግዲያው የሚያስፈልገው የገንዘቡን ነገር በሥርዓት ማስያዝ ነው እንጂ ጽሕፈቱን ማገድ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ክርክራቸው የተጠያቂነቱ ነው፤ እኔም ሳልቸኩል እዚህ ልቆይ። ራፖር ጸሐፊ አይጠየቅም ይላሉ። ለምን አይጠየቅም? ስሙ ስለሌለ ነው። ስሙ ለምን የለም? የተከለከለ ስለሆነ ነው። ሕጉ ሥራው ወንጀል ነው ካለው ሰው በየትኛው ድፍረቱ ከሥር «እኔ ጻፍኩት» ብሎ ይፈርማል? ስም አልባ ያደረገው ክልከላው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ስም አልባነቱን መልሶ ለክልከላው ምክንያት ማድረግ ምን ዓይነት ክርክር ነው?

ፍርድ ቤት ደጃፍ የዋለ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። የማንኛውም ክስና መልስ ማሳረጊያ ነው። ከላይ የቀረበው እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ ይላል፤ ከሥሩ ባለጉዳዩ ይፈርማል። አጎቴም ፈርሟል። አራት ቁጥር ጠቅሶ፣ በላቲን የተሰየመ መርህ ጨምሮ በተጻፈ ወረቀት ላይ «እውነት ነው» ብሎ የማለው ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ በያጅ ነው። የጻፈው ሰው ምንም አልማለም። ገንዘቡን ተቀብሎ ወረቀቱን አትሞ ሄዷል። ዛሬ በሚሠራበት አኳኋን በዚያ ወረቀት ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ምንም የማያውቀው ሰው ብቻ ነው ኃላፊነት የሚሸከመው። ክልከላውን ነገ ብናጠብቀው ከዚህ አንዲት ፊደል አይለወጥም። ጸሐፊው ከደጃፉ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ዋጋው ይጨምራል፣ ስሙ ይበልጥ ይርቃል፤ የባለዕዳው ፊርማ ግን እዚያው ቁጥር 92 ሥር ይቀራል።

ከውጭ ምሳሌ የሚያመጡልኝ ብዙዎች ናቸው፤ በተለይ አሜሪካን። «አሜሪካ እንኳ ጠበቃ ያልሆነን ሰው በኪሳራ ጉዳይ ገድባዋለች» ይላሉ። ገድባዋለች፤ እንዴት እንደገደበችው ግን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኪሳራ ሕጓ ውስጥ አንቀጽ 110 ተጨመረ። ጠበቃ ያልሆነ የኪሳራ ወረቀት አዘጋጅ በሚያዘጋጀው ሰነድ ላይ ስሙን፣ አድራሻውንና መለያ ቁጥሩን ጽፎ መፈረም አለበት። ጠበቃ አለመሆኑን ለባለዕዳው አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። የሕግ ምክር መስጠት አይችልም። የተቀበለውን ገንዘብ ያሳውቃል፤ ከመጠን በላይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ያስመልሰዋል። ባልፈረመ ቁጥር ለእያንዳንዱ ጉድለት እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ይህ ገደብ ነው፤ ክልከላ ግን አይደለም። እንዲጽፍ ፈቅዶ እንዲታይ አስገደደው። ሕጉ ጠንካራ ነው፣ አዘጋጁን ምክር እንዳይሰጥ ማገዱም ለእኛ ሁኔታ ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ፤ «ይሄ የእንጀራው መሣሪያ ነው» ማለት ምክር ከሆነ ያንን ምክር የሚከለክል ሕግ አልፈልግም። የፊርማው ነገር ግን መቀዳት ያለበት ነው።

አሜሪካስ ሩቅ ናት፣ ሀብታም ናት እንበል። ሴራሊዮን ሀብታም አይደለችም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሕግ ድጋፍ ሕግ ግን ጠበቃ ላልሆኑ የሕግ ረዳቶች ቦታ ሰጥታለች፤ ጠበቃ በማይደርስበት መንደር ሰው ባዶውን እንዳይቀር። ከዚያም የቀረበ አለ። ከአቃቂ ወደ ገላን ተሻገሩ። ኦሮሚያ ከጠበቃው ጎን «የሕግ ጉዳይ ጸሐፊ» ብሎ የሚጠራው ባለሙያ አለው፤ ሙያው በሕግ ታውቆ ፈቃድ ይሰጥበታል። በአንድ መንገድ ወዲህና ወዲያ ያለ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያይ፣ በአንድ ታክሲ የሚሳፈር ሕዝብ ነው። ወዲያ ማዶ ፈቃድ የሚሰጠው ሥራ ወዲህ ማዶ ሲመጣ ምን ሆኖ ነው ለሕዝብ አደጋ የሆነው? በዚያ ያለው አሠራር እንከን የለሽ ነው አላልኩም። ጸሐፊውን ማወቅ፣ መመዝገብና መቆጣጠር ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሟል።

እኔ ገደብ አይኑር የምል ሰው አይደለሁም። የአጎቴ ደብተር ሳይገለጥ እንደቀረ እያወቅሁ እንዲህ ማለት አልችልም። የምፈልገው ገደብ ከእነሱ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የሚጽፍ ሰው ይመዝገብ፣ ይፈተን። ፈተናው የሕግ ፍልስፍና አይሁን፤ መጥሪያ አንብቦ የክሱን ዓይነት መለየት፣ ቀን መቁጠር፣ አጭር ሥነ ሥርዓትን ከመደበኛው መለየት፣ ይርጋን መጠየቅ ይወቅ። ለእያንዳንዱ ባለዕዳ ከመጻፉ በፊት የሚጠይቃቸው የተወሰኑ ጥያቄዎች በወረቀት ይሰጡት። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ የተደረገ ውል አለ ወይ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያንን ይጠይቃል። ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ ይበልጣል ወይ? ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ እሱ ነው። የተከፈለ አለ ወይ፣ ደረሰኝስ? የተያዘው ንብረት የሥራ መሣሪያ ነው ወይ? ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው እንዳይያዝ ሕጉ ይጠብቅለታል፤ ተነካ ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ሳይጠየቁ ሲቀሩ ግን ሰው ይወድቃል።

የተከለከለውም ነገር በግልጽ ይጻፍ። ጸሐፊው ችሎት አይቁም፤ የባለጉዳይ ገንዘብ አይያዝ፤ ውጤት ቃል አይግባ፤ «የማውቀው ሰው አለ» ያለ ዕለት ፈቃዱ ይነጠቅ። በአንድ መዝገብ ለአበዳሪውም ለተበዳሪውም አይጻፍ፤ ይህ ዛሬ በየደጃፉ የሚሠራ፣ ማንም የማያየው ነውር ነው፤ የማይታየውም የማን ጽሕፈት እንደሆነ የሚነግር ስም ስለሌለ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው፣ ለምሳሌ የንግድ ኪሳራ ሲሆን፣ «ይህ የጠበቃ ሥራ ነው» ብሎ በጽሑፍ ይመልስ። ደረሰኝ ይስጥ። ያጠፋ እንደሆነ የተቀበለውን ይመልስ፣ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቅ።

«ፈቃድ ከሰጠናቸው ነገ ጠበቃ ነን ይላሉ» የሚል ፍርሃት አለ። ዛሬስ ምን እያሉ ነው? ዛሬ ነው እንጂ ማንም የፈለገውን የሚለው። ነርስ ፈቃድ ስላላት ዶክተር ነኝ አላለችም፤ የምትችለውና የማትችለው ተለይቶ ስለተጻፈ ሆስፒታሉ ይሠራል። ጠበቆቻችንም ከዚህ የሚያጡት ነገር የለም፤ ያ ባለዕዳ ዱሮም ደንበኛቸው አልነበረም። እንዲያውም መልክ የያዘ ወረቀት ከተቃራኒ ወገን ሲመጣላቸው፣ ዳኞችም ግራ የሚያጋባ ሦስት ገጽ ከማንበብ ሲድኑ፣ ሁሉም ይቀለዋል።

ለጠበቆች ማኅበርና ለፍትሕ ሚኒስቴር የምለው ይህ ነው። ራፖር ጸሐፊን በማባረር ስታሳልፉት በኖራችሁት ዓመት ሁሉ አንድም ባለዕዳ በክልከላው ምክንያት ጠበቃ አላገኘም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ጠበቃ መቅጠር ለሚችል ሰው አላለም። የመብቱ መግቢያ ያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚጽፈውን ሰው ማጥፋት አልቻላችሁም፤ አትችሉምም፤ ባለዕዳ እስካለና ጠበቃ እስከተወደደ ድረስ አንዱ ጥግ ላፕቶፕ ይከፈታል። የምትችሉት ነገር ሌላ ነው፤ ሬጅስትራሩ ስም የሌለበትን ወረቀት እንዳይቀበል ማዘዝ ትችላላችሁ። ከቁጥር 92 ማረጋገጫ ሥር፣ ከባለጉዳዩ ፊርማ ቀጥሎ፣ አንድ መስመር ይጨመር፦ ይህን ወረቀት ያዘጋጀው ሰው ስም፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የተቀበለው ገንዘብ፣ ፊርማ።